የፈቃደኛው አስተማሪ ስንቅ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተሰጠ ንግግር)




ለዛሬው ምሽት የተሰጠን አርእስት «ወደ ሌላ አገር ሄዶ እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚነሣ ወጣት ፈቃደኛ በምን ይዘጋጅ?» የሚል ነው። ማኅበሩ ይኸን አርእስት የመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከመካከላችን ትምህርታቸውን ሲጨርሱ በሌላ የአፍሪካ አገር፣ ወይም ከዚያ ራቅ ብሎ፣ አንድ ሁለት ዓመት ለማገልገል የሚያስቡ አሉ። ከእነዚህ የሚበዙት ደግሞ በአገራችን ትምህርት ቤቶች ተመድበው ሲሠሩ፣ ከውጭ አገር የመጣ ወጣት ፈቃደኛ በአጠገባቸው ባለው ክፍል ሲያስተምር ሊያገኙት ይችላሉ። የምንሄደውንም የምንቀረውንም የሚያገናኘን አንድ ነገር አለ፤ ሁላችንም በልጅነታችን በእንግሊዝኛ አስተማሪ ፊት ተቀምጠን ያደግን ነን። ስለዚህ ነገሩን ከሁለት ወገን ልናየው እንችላለን፤ ጠመኔ ከያዘው ወገንና ደብተር ከያዘው ወገን።

የምንናገረው ፍሬ ነገር በአጭሩ ይኸ ነው፤ በጎ ፈቃድ ሰውን ከቤቱ ያስነሣዋል እንጂ ለመንገዱ ስንቅ አይሆነውም። ስንቅ ያልያዘ መንገደኛ ሲቸገር የሚከፍልለት እሱ ያረፈበት ቤት ነው። ያልተዘጋጀ አስተማሪም ሲሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው እሱ አይደለም፤ ተማሪው ነው።

የወጣት ፈቃደኞች ነገር ከተማሪዎች ማኅበር ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ጆን ኬኔዲ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት በሚወዳደሩበት ጊዜ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1960) ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማኅበር ሕንፃ ደረጃ ላይ ቆመው ለተሰበሰቡት ተማሪዎች ጥቂት ቃል ተናገሩ። ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለመሆን ከሚማሩት መካከል ስንቶቹ ጋናን በመሰለ አገር ሄደው ለመሥራት ፈቃደኛ እንደ ሆኑ ጠየቁ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ አንድ ሺህ የሚሆኑ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «እኛ ፈቃደኞች ነን» ብለው ፈረሙ። ኬኔዲም ከተመረጡ በኋላ የካቲት 22 ቀን 1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1961) የሰላም ጓድን በትእዛዝ አቋቋሙ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1958 እንግሊዛዊው አሌክ ዲክሰን ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጡ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣቶችን ወደ ውጭ አገር መላክ ጀምረው ነበር። ጃፓንም እ.ኤ.አ. በ1965 የራሷን ወጣት ፈቃደኞች ጓድ አቋቋመች።

የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ አባሎች ነሐሴ 24 ቀን 1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1961) አክራ ሲደርሱ፣ ከአውሮፕላን ወርደው በአገሩ ቋንቋ በትዊ አንድ መዝሙር ዘመሩ። ቁጥራቸው ሃምሳ ያህል ነበር፤ የሄዱትም ለማስተማር ነበር። የጋና ሰዎች በጣም ተደሰቱ። አንድ መዝሙር መሸምደድ ቋንቋ ማወቅ አይደለም፤ ነገር ግን አስተናጋጁ «እነዚህ ልጆች ስለ እኛ አስቀድመው አስበዋል» እንዲል ያደርገዋል።

ከሁለት ወር ያልበለጠ ጊዜ ቆይቶ የተገላቢጦሹ በናይጄሪያ ደረሰ። በጥቅምት 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1961) በኢባዳን ለማስተማር የምትዘጋጅ አንዲት ወጣት ፈቃደኛ፣ ያየችውን ድህነትና የኑሮ ጉስቁልና ለወዳጇ በፖስት ካርድ ጻፈች። ካርዱ ሳይላክ ወድቆ በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች እጅ ገባ፤ ተባዝቶም በግቢው ተበተነ። ተማሪዎቹ ተሰብስበው ተቃወሙ፤ እሷም ይቅርታ ጠይቃ ወደ አገሯ ተመለሰች። ይቺ ልጅ በጎ ፈቃድ አልጎደላትም፤ ትምህርትም አልጎደላትም፤ ሥልጠናም ተሰጥቷት ነበር። የጎደላት አንድ ነገር ነው፤ እሷ አገሩን እንደምታነብ ሁሉ አገሩም እሷን እንደሚያነባት አልተነገራትም። የኢባዳን ተማሪዎች ድህነት በአገራቸው መኖሩን ከእሷ ይልቅ ያውቁት ነበር። የተቆጡት ሊያስተምር የመጣ ሰው እንደ ትርኢት ስላያቸው ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ለኢትዮጵያ የተመረጡ ፈቃደኞች በዋሽንግተን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሠለጠኑ። ለ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመንም ከ270 በላይ ሆነው አዲስ አበባ ገቡ። የበላያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ፤ እኒህም ሰው ቀደም ብለው የኬኔዲ የሲቪል መብት ጉዳይ አማካሪ፣ ኋላም የፔንሲልቬንያ ሴናተር የሆኑ ናቸው። አብዛኞቹ ፈቃደኞች በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ።

በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛ በሁለተኛ ደረጃ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ አልነበረም፤ ሒሳቡም፣ ታሪኩም፣ ሳይንሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አድርጎ፣ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ትምህርት ሲያስቀምጥ፣ የሁለተኛ ደረጃውን ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ አደረገው። እንዲህ ከሆነ ዘንድ በእንግሊዝኛ ክፍል የተሠራ ስሕተት በዚያው ክፍል አይቀርም። ከተማሪው ጋር ወደ ፊዚክሱ ክፍል ይገባል፤ ከዚያም እስከ ፈተናው አዳራሽ ይከተለዋል። ስለ ፈቃደኛው ዝግጅት አጥብቀን የምንናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ስንቁ ምን ምን ነው?

አንደኛው ስንቅ ምክንያትን ማወቅ ነው። ለመሄድ የሚያስብ ሰው «ለምን እሄዳለሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ መልሱንም አያስጊጠው። ዓለምን ማየት፣ ከቤተ ሰብ እጅ መውጣት፣ ለወደፊት ሥራ የሚረዳ ምስክር ወረቀት ማግኘት፣ እነዚህ ሁሉ ነውር ያለባቸው ምክንያቶች አይደሉም። ነውሩ ለራሱ የሚሄደው ሰው «ለእናንተ ስል መጣሁ» ሲል ነው። ኢቫን ኢሊች እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ ሜክሲኮ መንደሮች ለሚሄዱ የአሜሪካ ተማሪዎች ባደረጉት ንግግር ይኸንኑ ያለ ርኅራኄ ተናግረዋል፤ ለማየትና ለመማር ኑ፣ ለመርዳት ግን አትምጡ አሏቸው። እኛ እስከዚያ ድረስ አንሄድም። ነገር ግን እንደሚማር ዐውቆ የመጣ ሰው፣ ሊሰጥ ብቻ ከመጣው ይልቅ ብዙ ይሰጣል ብለን እናምናለን።

በአገራችን የቆየ ልማድ ከቤቱ የሚወጣው ተማሪው ነው። የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከጎጃም ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ወሎ መምህር ፍለጋ ይሄዳል። ቅኔውን እስኪቀኝ፣ ዜማውን እስኪያውቅ ዓመታት ያልፋሉ፤ መምህሩ በቅተሃል ሳይለው በሌላው ፊት ወንበር ዘርግቶ አይቀመጥም። በፈቃደኛው ዘንድ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ከቤቱ የወጣውና በሰው አገር የሚያድረው አስተማሪው ነው። ስለዚህ ይኸ ሰው በክፍል ውስጥ መምህር ቢሆንም፣ ከክፍሉ ደጃፍ ሲወጣ የቆሎ ተማሪ መሆኑን ሊቀበል ይገባዋል።

ሁለተኛው ስንቅ የሚያስተምሩትን ነገር ፈትቶ ማወቅ ነው። እንግሊዝኛ መናገርና እንግሊዝኛ ማስተማር ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሁላችንም አማርኛ እንናገራለን፤ ነገር ግን አንድ የውጭ አገር ሰው «‘ቤቱ’ ስትሉ የእሱ ቤት ማለታችሁ ነው ወይስ ያ የታወቀው ቤት?» ብሎ ቢጠይቀን ስንቶቻችን ቆመን እናስብ ይሆን? እንግሊዝኛ አፍ የፈታበት ወጣትም «እንዲህ ነው የምንለው» ከማለት ሌላ ምክንያቱን ለማስረዳት ይቸገራል። ለዚህ የተዘጋጀ ትምህርት አለ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚሰጠው ሴልታ የተባለው የምስክር ወረቀት ቢያንስ 120 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃል፤ ከዚህም ውስጥ 6 ሰዓቱ ተማሪዎች ፊት ቆሞ እየታዩ ማስተማር ነው። 120 ሰዓት ማለት በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ ሦስት ሳምንት ነው። ይኸ ከምንም ይሻላል፤ ብዙ ነው ግን አይባልም። ያንንም ሳይዝ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው።

ሦስተኛው ስንቅ የተማሪዎቹን ቋንቋ መማር ነው። ቻርልስ ፍሪስ የተባሉ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1945 ባወጡት መጽሐፍ፣ የሚሻለው የማስተማሪያ ጽሑፍ የሚማሩትን ቋንቋ ከተማሪው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ጋር አስተያይቶ የተዘጋጀው ነው ብለዋል። ኋላ የመጡ ሊቃውንት ስሕተት ሁሉ ከአፍ መፍቻ ቋንቋ እንደማይመጣ አሳይተዋል፤ ሆኖም ብዙው እንደሚመጣ ከወንበራችን እናውቀዋለን።

ምሳሌ እንስጥ። «አልነገርኳቸውም» ስንል አንድ ቃል ነው፤ ተናጋሪው፣ አፍራሹ፣ ግሡና የሚነገራቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ ጎጆ ያድራሉ። እንግሊዝኛው ለዚህ አምስት ቃል ይፈልጋል፤ «አይ ዲድ ኖት ቴል ዜም»። ይኸን ስንጽፍ እንኳ በፊደላችን ምልክት የሌለውን ድምፅ በ«ዘ» ለመተካት ተገደናል፤ ተማሪውም በአፉ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። በእንግሊዝኛ መርከብና በግ በአናባቢያቸው ብቻ ይለያሉ፤ እኛ ግን ሁለቱንም «ሺፕ» ብለን እንጽፋቸዋለን፤ በጉን ያዘዘ ሰው መርከብ ቢመጣለት ጥፋቱ የሰነፍ ተማሪ ብቻ አይደለም። «በመኪና መጣ»፣ «በቤቱ ተኛ»፣ «በበዓል ቀን አረፈ»፣ «በቢላዋ ቆረጠ» ስንል አንዲት «በ» ለአራቱም ትበቃለች፤ እንግሊዝኛው ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ ቃል ይጠይቃል። ግሣችን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቀመጣል፤ የእንግሊዝኛው በመካከል ይገባል። ይኸን ያወቀ አስተማሪ ተማሪው የት ላይ እንደሚደናቀፍ አስቀድሞ ያያል። ያላወቀው ግን ተማሪውን «ደንቆሮ» ይለዋል።

ደግሞም ቋንቋ መማር ሌላ ጥቅም አለው። «ጠራ» እና «ተራ» ለእኛ የተለያዩ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን ሁለቱን ለመለየት ወራት ይፈጅበታል። በገበያ «ቆሎ» ለማለት «ኮሎ» ብሎ ሕፃናት የሳቁበት አስተማሪ፣ በማግሥቱ ተማሪው «ስትሪት»ን «እስትሪት» ሲል አይቆጣም። ትዕግሥትን የሚያስተምረው የራስ መንተባተብ ነው።

እኛ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ የምናስበው ደግሞ በዚህ ረገድ አንድ ሀብት አለን። እንግሊዝኛን እንደ ባዕድ ቋንቋ ደረጃ በደረጃ የወጣነው ስለ ሆነ፣ እንቅፋቱ የት የት እንዳለ እግራችን ያስታውሰዋል። ይኸን ሀብት ስንጠቀምበት ግን የራሳችንን አነጋገርና የሽምደዳ ልማድ ለሰው ልጆች እንዳናወርስ መጠንቀቅ አለብን። ያልተጣራ ቢራቢሮ የወደቀበትን ጠላ ማንም ለእንግዳው አይቀዳም።

አራተኛው ስንቅ ክፍሉን ማወቅ ነው። ሥልጠናው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አሥራ ሁለት ወይም አሥራ አምስት ተማሪ ባለበት ክፍል ነው። በአገራችን ብዙ ክፍል ውስጥ ግን ስድሳ ተማሪ ይቀመጣል። እስቲ እናስላው። የትምህርቱ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ ይኸም 2,400 ሰከንድ ይሆናል። አስተማሪው አንድም ቃል ሳይተነፍስ ጊዜውን ሁሉ ለተማሪዎቹ ቢያካፍል ለአንዱ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው። በሳምንት አምስት ጊዜ ቢማሩ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ መሆኑ ነው። እንግዲህ አስተማሪው ከጊዜው ሦስት እጁን ራሱ ከተናገረ ለተማሪው ምን ይቀረዋል? ስለዚህ ፈቃደኛው ክፍሉን ሁሉ በአንድ ድምፅ ማስባልን፣ በአንድ ወንበር የተቀመጡትን እርስ በርሳቸው ማነጋገርን፣ ከፊት ያሉትን ወደ ኋላ አዙሮ አራት አራት ማድረግን አስቀድሞ መለማመድ ይገባዋል። እንዲሁም አራት ክፍል የሚያስተምር ሰው 240 ደብተር ይኖረዋል፤ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ቢሰጥ 12 ሰዓት ይሆናል። ይኸን ያላሰላ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ደብተር ሰብስቦ ይወስዳል፤ በሦስተኛው ሳምንት ሳያርም ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ የቤት ሥራ መስጠቱን ይተዋል።

በሥዕልና በድምፅ መሣሪያ ማስተማር መልካም ነው፤ ነገር ግን መብራት የሚጠፋበት ቀን አለ። በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ብቻ 40 ደቂቃ በሚገባ ማስተማር የማይችል ሰው ገና አልተዘጋጀም።

አምስተኛው ስንቅ ልማድን ማወቅ ነው። ይኸ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ብዙ ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው። በኢትዮጵያ «ፈተናው በሦስት ሰዓት ነው» ሲባል ተማሪው የሚመጣው ጠዋት ነው፤ አዲሱ ፈቃደኛ ግን ከምሳ በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ሰዓታችን በስድስት ይለያልና። ዓመታችን በመስከረም ይብታል፤ ወራቱ አሥራ ሦስት ናቸው። ስም ሲጠራም ከበደ ተሰማ የተባለውን ባልደረባ «አቶ ከበደ» ማለት ሲገባ «አቶ ተሰማ» ብሎ አባቱን ይጠራል። ተማሪው «አዎ» ለማለት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሲስብ፣ እንግዳው የደነገጠ ይመስለዋል። ጥቂት ቀን የቀረ አስተማሪ ሲመለስ ተማሪው «ጠፍተዋል» ያለውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ «ዩ አር ሎስት» ቢለው፣ ናፍቆቱን መግለጹ ነው እንጂ መንገድ መሳቱን መንገሩ አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው «ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ ነው። አስተማሪን አላስረዳኸንም ማለት ይሉኝታ ስለሚያሳጣ ስድሳው ሁሉ «አዎ» ይላል። ስለዚህ ዐዋቂው አስተማሪ እንደ ገባቸው አይጠይቅም፤ ያስተማረውን እንዲሠሩ አድርጎ ያያል። ይኸ ዘዴ ለእኛ ብቻ አይደለም፤ ልጆች ታላቅን በሚያከብሩበት አገር ሁሉ ይሠራል።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ስንቅ የአገሩን አስተማሪ ማክበርና መሄጃን ማሰብ ነው። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። ፈቃደኛው ከመምጣቱ በፊት እዚያ የነበረ፣ ከሄደም በኋላ የሚቀር አስተማሪ አለ። የልጆቹን ወላጆች ያውቃል፤ በአጨዳ ወር ማን እንደሚቀር ያውቃል፤ በደመወዙ ግን ቤት ኪራይ ከፍሎ ወሩን ለመድረስ ይቸገራል። እንግዳው ገና በመጀመሪያው ሳምንት የዚህን ሰው አስተምህሮ በተማሪዎች ፊት ቢነቅፍ፣ ሁለት ዓመት የማይጠግነው ነገር ያበላሻል። አስቀድሞ ሁለት ሳምንት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቢያዳምጥ ግን ከማንም መጽሐፍ የማያገኘውን ይማራል።

ስለ መሄጃም እንናገር። የሰላም ጓድ ከኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1977 ወጣ፤ በ1995 ተመለሰ፤ በ1999 በጦርነቱ ምክንያት ወጣ፤ በ2007 እንደ ገና ተመለሰ፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2020) ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በዓለም ዙሪያ ያሉት ፈቃደኞች ሁሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ተደረገ። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1961 ዓ.ም. የእኛው የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጓዱ ከአገር እንዲወጣ ጠይቀው ሰልፍ ወጥተው ነበር። የፖለቲካውን ክርክር ዛሬ አንከፍተውም። ነገር ግን ፈቃደኛ ሁሉ በድንገት ሊሄድ እንደሚችል ታሪኩ ይመሰክራል። እንግዲህ ዛሬ ማታ ሂድ ቢባል፣ ነገ ጠዋት ያንን ክፍል የሚረከበው አስተማሪ ምን ያገኛል? የትምህርቱ ዕቅድ፣ ማን የት እንደ ደረሰ የሚያሳየው መዝገብ፣ የተዘጋጁት መልመጃዎች በቢሮ ውስጥ ካሉ ሥራው ይቀጥላል። በሄደው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ካሉ ግን ልጆቹ እንደ ገና ከሰላምታ ይጀምራሉ። በየጥቂት ሳምንቱ ፈቃደኛ የሚለዋወጥበት ትምህርት ቤት ችግሩም ይኸው ነው፤ የመጣው ሁሉ «ስምህ ማን ነው?» ብሎ ይጀምራል፤ ልጁም ስሙን በእንግሊዝኛ ሲናገር ያድጋል፤ ሌላ ግን አይጨምርም።

«እናንተ ይኸን ሁሉ ስንቅ ስትቆጥሩ ማን ደፍሮ ይሄዳል?» የሚሉን ይኖራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁሉን ዐውቆ የሚሄድ የለም፤ ሁሉን እስኪያውቅ የሚጠብቅም ከቤቱ አይወጣም። ደግሞም የሄዱት ሁሉ በከንቱ አልሄዱም። ከ1955 ዓ.ም. ፈቃደኞች አንዱ ፖል ሶንጋስ በወሊሶ አስተምሯል፤ ኋላም የማሳቹሴትስ ሴናተር ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1992ም ለፕሬዚዳንትነት ከተወዳደሩት አንዱ ነበር። የወሊሶ ቆይታው ሕይወቱን እንደ ቀረጸው ይናገር ነበር። በሌላ አነጋገር ወሊሶ አንድ ሴናተር አስተምራለች ማለት ነው። ይኸ የሚያኮራ ነገር ነው። ግን ሒሳቡ ከሁለት ወገን ይታይ፤ ፈቃደኛው የሚያተርፈው ይኸን ያህል ከሆነ፣ ለሚማርበት ክፍል የሚከፍለው ዋጋ መዘጋጀት ነው። ከዚህ ያነሰ ክፍያ ዕዳ ያስቀራል።

የእኛም ቤት ከዚህ ነፃ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ሲደረግ፣ አብዛኞቹ የተመደቡት በአስተማሪነት ነበር። ከአዲስ አበባ ወጥቶ የማያውቅ ተማሪ በገዛ አገሩ እንግዳ ሆኖ፣ ቋንቋቸውን በማያውቃቸው ልጆች ፊት ቆመ። ዛሬም ከመካከላችን ወደ ሩቅ ወረዳ ተመድቦ የሚሄድ አስተማሪ ከላይ የቆጠርነው ስንቅ አንዱም አይቀርለትም። ውጭ አገር ማለት ባሕር መሻገር ብቻ አይደለም፤ የልጆቹን ቋንቋ ካላወቁ ከአንድ ወንዝ ማዶም ውጭ አገር ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። ወደ ሌላ አገርም ሆነ ወደ ሌላ ወረዳ ለማስተማር የሚያስብ አባል ሁሉ፣ ከመሄዱ በፊት ቢያንስ አንድ የትምህርት ወቅት በዚሁ ከተማ በማታ ትምህርት ቤት ያስተምር፤ መምህራኖቻችንም ከኋላ ወንበር ተቀምጠው አይተው ይንገሩት። የሚሄድበትን ሕዝብ ቋንቋ ሰላምታውን፣ ቁጥሩን፣ የገበያውን፣ የክፍሉን ትእዛዝ እስኪናገር ድረስ ይማር፤ በዚህ ግቢ ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ ተማሪዎች ስላሉ አስተማሪ አይጠፋም። የሚያስተምርበትን ክፍል መጽሐፍና ያለፉትን ፈተናዎች አስቀድሞ ይሥራ። ሲደርስም ሁለት ሳምንት ያዳምጥ፤ ከአንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን ላላነሰ ጊዜ ይቆይ፤ ለተተኪው የሚሆን ደብተር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጻፍ። ከውጭ የሚመጣውን ፈቃደኛ የምንቀበለው ደግሞ፣ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው እንዲሉ በብረቱ ቀን እንዳንተወው። ምን ሰዓት ሲሆን ምን እንደሚባል፣ ተማሪ ዝም ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ የምንነግረው እኛ ነን። ካልነገርነው በስሕተቱ ልንስቅበት አይገባንም።

መምህራኖቻችን ይኸን አሳብ አይተው እንዲያርሙልን፣ ጓደኞቻችንም ለማታው ትምህርት ስማቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ እንዲሰጡ እንለምናለን። ክፍሎቹ ክፍት ናቸው፤ ጠመኔውም አለ፤ በማታ ለመማር የሚፈልገው ሰው ከእኛ ቁጥር ይበልጣል።